የሚያጉረመርምና ድምፁ የሚሻክር «ባስ»፦ ብልሽቱን ከቤት ሳይወጡ እንዴት መለየት ይቻላል?

ጀልዴሳ ባቡር ከመምጣቱ በፊት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚጓዙ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባትና ቀረጥ የሚከፍሉባት የታወቀች መንደር ነበረች። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደ አዲሲቱ ከተማ ዞረ። ዛሬም ከጀልዴሳና ከአካባቢዋ የገጠር ቀበሌዎች የተበላሸ የድምፅ መሣሪያ የያዘ ሰው ባለሙያ ፍለጋ የሚያመራው ወደ ድሬዳዋ ነው። ከባዱን ሣጥን አስጭኖ ከተማ ከደረሰ በኋላ ችግሩ የአንድ ገመድ መላላት ሆኖ ሲገኝ፣ የመጓጓዣው ወጪም የሥራ ቀኑም በከንቱ ይቀራል።

በሰርግ ቤት፣ በሻይ ቤትና በመኖሪያ ቤት የሚያገለግለው ሰብዉፈር፣ በተለምዶ «ባስ» የሚባለው፣ የድምፅ ማጉያው በራሱ ሣጥን ውስጥ የተገጠመለት መሣሪያ ነው። በብዛት የሚያጋጥሙት ሁለት ችግሮች ያልተቋረጠ ጉርምርምታና የድምፅ መሻከር ናቸው። ሁለቱም መነሻቸውን የሚጠቁም ምልክት ስላላቸው፣ ሣጥኑን ሳይከፍቱ በቅደም ተከተል በመፈተሽ አብዛኛውን መለየት ይቻላል።

ጉርምርምታው ለምን በባስ ላይ ይጎላል?

በኢትዮጵያ ለቤት የሚደርሰው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። መሣሪያው ይህን ኃይል ለራሱ ወደሚስማማው ቀጥተኛ ኃይል ሲለውጥ፣ ሳይጣራ የሚቀረው ርግብግቢት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይሆናል። ሰብዉፈር የሚያወጣው ድምፅ ደግሞ በአብዛኛው በሴኮንድ ከ20 እስከ 200 ንዝረት ያለው ነው። ሁለቱም ቁጥሮች በዚህ መካከል ስለሚወድቁ፣ በትንሽ ስፒከር የማይሰማው ጉርምርምታ በባሱ ጎልቶ ይሰማል።

የመጀመሪያው ፍተሻ

ኃይሉ እንደተሰካ፣ ድምፁን ቀንሶ ከቴሌቪዥን፣ ከዲሽ ሪሲቨር ወይም ከስልክ የሚመጣውን የድምፅ ገመድ ብቻ ከባሱ መንቀል ነው። ጉርምርምታው ከጠፋ ባሱ ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው በገመዱ ወይም በሌላው መሣሪያ ላይ ነው። ካልጠፋ ግን መነሻው የኃይል መስመሩ ወይም የባሱ ውስጠኛ ክፍል ነው። ያን ጊዜ ባሱን ወደ ሌላ ሶኬት፣ ቢቻል ወደ ጎረቤት ቤት ወስዶ መሞከር ሁለቱን ይለያል።

ገመዱ ከተጠረጠረ ጫፉን ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ይበቃል። ጉርምርምታው ሲነካካ የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ፣ የውጭ መሸፈኛ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ጃኩ ላልቷል ማለት ነው። የድምፅ ገመድ ከኃይል ገመድ ጋር ተጠቅልሎ መቀመጡም ጉርምርምታ ያመጣል፤ ማራራቅ፣ መገናኘታቸው ግድ ከሆነም አቋርጠው እንዲያልፉ ማድረግ ይገባል። አልፎ አልፎ የሚሰማ «ድርርር» የሚል ድምፅ ግን ብዙውን ጊዜ አጠገቡ ከተቀመጠ የእጅ ስልክ የሚመጣ እንጂ ብልሽት አይደለም።

የመሬት መስመርን መቁረጥ አደገኛ ነው

ባሱና ከእሱ ጋር የተያያዘው መሣሪያ በሁለት የተለያዩ መንገዶች ከመሬት ጋር ሲገናኙ በመካከላቸው ባለው የድምፅ ገመድ ውስጥ ትንሽ ኃይል ይመላለሳል፤ ይህም ጉርምርምታ ሆኖ ይሰማል። ግቢ ውስጥ በብረት ምሰሶ የተተከለ ዲሽ አንዱ መንገድ ሊሆን ይችላል። የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ለጊዜው ነቅሎ ማዳመጥ ይህን ያረጋግጣል። መፍትሔው መሣሪያዎቹን ሁሉ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ነው፤ ይህ ካልበቃ በድምፅ ገመዱ መካከል የሚገባ ማግለያ ትራንስፎርመር መጠቀም ይቻላል።

አንዳንዶች ግን «ግራውንድ» የሚባለውን የመሬት መስመር ይቆርጡታል ወይም ባለሦስት እግሩን ስፒና በባለሁለት እግር ይለውጡታል። ጉርምርምታው ሊጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን ውስጥ ያለ ሽቦ ተልጦ የመሣሪያውን ብረት ቢነካ፣ ኃይሉ የሚሄድበት መንገድ የሚነካው ሰው አካል ይሆናል። የመሣሪያው ብረት ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ወዲያውኑ ነቅሎ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። ስፒናው ከመጀመሪያውም ባለሁለት እግር ከሆነ ግን ነቅሎ አዙሮ መሰካት አንዳንድ ጊዜ ጉርምርምታውን ይቀንሰዋል፤ ጉዳትም የለውም።

በሶላር የሚሠራ ከሆነ

መስመር ባልደረሰባቸው አካባቢዎች የባትሪን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚለውጠው ኢንቨርተር ራሱ የጉርምርምታ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ርካሽ ኢንቨርተሮች የሚያወጡት ኃይል እንደ ዋናው መስመር ለስላሳ ሞገድ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ያለው ስለሆነ፣ ባሱ የሚቆረቁር ድምፅ ያሰማል። ያው ባስ በመብራት መስመር ላይ ጸጥ ካለ ጥፋቱ የኢንቨርተሩ ነው። ባለ 12 ቮልት መግቢያ ያለውን ባስ በቀጥታ ከባትሪ ጋር ማገናኘት ይህን ያስቀራል፤ ሆኖም ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን ማሳሳት መሣሪያውን ያቃጥላል።

ድምፅ ሲሻክር

ድምፁ የሚሻክረው ሲጮኽ ብቻ ከሆነ በቅድሚያ የስልኩን ወይም የሪሲቨሩን ድምፅ ወደ ሦስት አራተኛ ዝቅ ማድረግና ባስ የሚጨምረውን ማስተካከያ ማጥፋት ይገባል። ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ በዚህ ሁኔታ ለሰዓታት ማጫወት የስፒከሩን ጥቅል ሽቦ ያቃጥላል። መሻከሩ የሚመጣው ማታ ማታ፣ አምፖሎች ሲደበዝዙ ከሆነ ግን የኃይል ማነስ ነው፤ በሌላ ሰዓት ሞክሮ ማነጻጸር ይህን ያሳያል።

በዝቅተኛ ድምፅም ከሻከረ ስፒከሩን መመልከት ያስፈልጋል። መሣሪያውን ነቅሎ፣ የስፒከሩን ወረቀት በሁለት እጅ ጣቶች እኩል አድርጎ ቀስ ብሎ መጫን፤ የመፋቅ ድምፅ ከተሰማ ጥቅል ሽቦው ከማግኔቱ ጋር ይፋተጋል። የጠርዙ ጎማ መቀደድ፣ የብሎን መላላትና በሣጥኑ ቀዳዳ የገባ አቧራ ወይም ነፍሳትም ተመሳሳይ ምልክት አላቸው።

ለባለሙያ የሚተው

ገመዱ ተነቅሎ፣ ሶኬቱም ተቀይሮ ጉርምርምታው ካልጠፋ የሚጠረጠረው ኃይል የሚያጣራው ካፓሲተር ነው። ይህ ዕቃ ሙቀት አይወድም፤ በጥቅሉ ሲታይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። በሞቃታማው የድሬዳዋ ቆላ መሣሪያውን ከግድግዳ አራርቆና ከፀሐይ ጠብቆ ማስቀመጥ ዕድሜውን ያራዝማል። ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ሣጥኑን መክፈት የባለሙያ ሥራ ነው። የተቃጠለ ፊዩዝ በሽቦ መተካትም ለእሳት አደጋ ይዳርጋል፤ መተካት ያለበት በዚያው አምፔር ነው።

ወደ ከተማ መውሰድ ግድ ሲሆን ሦስት ነገሮችን መዝግቦ መሄድ የባለሙያውን ሥራ ያቀላል፦ የድምፅ ገመዱ ሲነቀል ጉርምርምታው መቅረቱን ወይም አለመቅረቱን፣ ድምፅ ሲጨመርና ሲቀነስ መለወጡን፣ ችግሩ የሚከሰተው በየትኛው ሰዓትና በየትኛው የኃይል ምንጭ እንደሆነ።