ጭንቅላትሽን ከተመታሽ፦ የደም ምርመራ ምን ይነግርሻል? ምንስ አይነግርሽም?

መስኮት ስትወለውዪ ከመሰላል ወደቅሽ እንበል፤ ወይ እርጥብ ሴራሚክ አዳለጠሽ፣ ወይ ሰው እጁን አነሳብሽ። «ምንም አልሆንኩም» ብለሽ ሥራሽን ቀጠልሽ። ማታ ላይ ግን ራስ ምታቱ ጠናብሽ፣ አቅለሸለሸሽ። ሆስፒታል ስትሄጂ ደም ሊወስዱ ይችላሉ። «የተመታሁት ጭንቅላቴን፣ ደም ለምን?» ትይ ይሆናል። መልሱን ብታውቂው ይጠቅምሻል፤ በተለይ «ምርመራሽ ደህና ነው፣ ተነሺ ሥሪ» የሚልሽ ሰው ካለ።

ደም ውስጥ የሚፈለገው ምንድን ነው?

የአንጎል ሴሎች ሲጎዱ በውስጣቸው ያሉ ፕሮቲኖች ወደ ደም ይገባሉ። በብዛት የሚለኩት ሁለት ናቸው። ጂኤፍኤፒ የሚባለው ነርቮችን ከሚደግፉ ሴሎች ይወጣል፤ ዩሲኤች-ኤል1 ደግሞ ከራሳቸው ከነርቭ ሴሎች። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሁለቱን የሚለካ ምርመራ መጀመሪያ የፈቀደው በ2018 (እ.ኤ.አ.) ነው። በ2024 ደግሞ በ15 ደቂቃ ገደማ ውጤት የሚሰጥ፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ፈቅዷል።

ሁለቱም ዝቅተኛ ከሆኑ በሲቲ ስካን የሚታይ የደም መፍሰስ የመኖሩ ዕድል በጣም አነስተኛ ነው። ከፍ ካሉ ሲቲ ስካን ይታዘዛል። ከፍ አለ ማለት ግን የግድ ደም ፈሷል ማለት አይደለም፤ አትደንግጪ። እርጉዝ ከሆንሽ ከሲቲ ስካኑ በፊት ተናገሪ።

ምርመራው በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም። ባይኖርም ሐኪሙ በምልክቶችሽና በሲቲ ስካን ይወስናል።

ሰዓቱን ያዢ

ፕሮቲኖቹ በደም ውስጥ የሚቆዩት ለተወሰነ ጊዜ ነው። የ2018ቱ ምርመራ የሚሠራው ከአደጋው በኋላ ባሉት 12 ሰዓታት፣ የ2024ቱ ደግሞ በ24 ሰዓታት ውስጥ ነው። ስለዚህ በስንት ሰዓት እንደተመታሽ ስልክሽ ላይ ጻፊው። ራስሽን ስተሽ ከነበረም ሳትደብቂ ተናገሪ።

መቼ እንደምድን ይነግረኛል?

ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። በ2022 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 1,700 ገደማ ተጎጂዎችን ተከታትሏል። በተጎዱበት ዕለት የተወሰደው ደም፣ በ6 ወር ውስጥ ማን ሊሞት ወይም ለከባድ የአካል ጉዳት ሊዳረግ እንደሚችል በደንብ ጠቁሟል። ከሞት ተርፎ ነገር ግን ራስ ምታት፣ መርሳት፣ ድካም የሚቀርበትን ሰው ለመለየት ግን ደካማ ነበር።

እንግዲህ ደሙ ደህና ሆኖ አንቺ ግን ልታመሚ ትችያለሽ። ቀላል የአንጎል መናወጥ በሲቲ ስካንም አይታይም። የሚያዞርሽ ከሆነ እየዋሸሽ አይደለም። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል፤ አንዳንዱ ከ3 ወር በላይ ይቆይበታል።

እነዚህን ካየሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ሂጂ

• እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት
• ተደጋጋሚ ማስታወክ
• ከእንቅልፍ መንቃት ማቃት፣ ግራ መጋባት
• መንቀጥቀጥና መውደቅ
• የምላስ መተሳሰር፣ የአንድ ጎን እጅ ወይም እግር መዛል
• የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት
• ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ ደም ወይም ውኃ መሰል ፈሳሽ መውጣት

አምቡላንስ፦ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ኳታርና ባህሬን 999፣ ኦማን 9999፣ ዮርዳኖስ 911፣ ሊባኖስ 140። ኢቃማሽ ማዳም ጋ ነው ብለሽ አትዘግዪ።

በዐረብኛ፦ «ወቀዕት ዓላ ራሲ» (በጭንቅላቴ ወደቅሁ)፣ «ዶኻ» (ማዞር)፣ «ኢስቲፍራግ» (ማስታወክ)፣ «ኢስዓፍ» (አምቡላንስ)።

ቤት ስትመለሺ

የመጀመሪያዎቹን 1 ወይም 2 ቀናት እረፊ። ከዚያ ቀስ እያልሽ ሥራ ጀምሪ፤ ምልክቱ ከባሰብሽ ቀንሺ። እስኪሻልሽ ድረስ መሰላል ላይ አትውጪ፤ ሳይድን ሁለተኛ መመታት አደገኛ ነው። ለሕመሙ ፓናዶል ይበቃል፤ ሐኪም ካላዘዘልሽ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አትውሰጂ፣ ደም መፍሰስ ሊያባብሱ ይችላሉ። ብቻሽን የምትተኚ ከሆነ ጓደኛሽ ሌሊት እንድትደውልልሽ ንገሪያት፤ ካላነሳሽ ለማን እንደምትደውልም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ከሆስፒታል ሳትወጪ የሕክምና ማስረጃ፣ «ተቅሪር ጢቢ» ጠይቂ። የእረፍት ቀን ካዘዘልሽ እዚያው ላይ እንዲጽፍልሽ ለምኚው። የመታሽ ሰው ካለም፣ ብቻሽን ከሐኪሙ ጋር ስትሆኚ ተናገሪ። ወረቀቱን በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለምታምኚው ሰው ላኪ። ደሙ ያልተናገረልሽን ወረቀቱ ይናገርልሻል።