ማስት ሴል አክቲቬሽን ሲንድረም እና የፔፕታይድ ሕክምና፦ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ መረጃዎች

መግቢያ

ማስት ሴል አክቲቬሽን ሲንድረም በሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት ውስጥ የሚገኙ ማስት ሴል የተባሉ ሕዋሳት ያለአግባብ ወይም ከመጠን በላይ በመነቃቃት ያከማቿቸውን ኬሚካሎች በድንገት ሲለቁ የሚከሰት ሕመም ነው። ሕመሙ እየመጣ የሚሄድ ከመሆኑም በላይ ምልክቶቹ ከሌሎች በርካታ በሽታዎች ጋር ስለሚመሳሰሉ ታካሚዎች ምክንያቱ ሳይታወቅላቸው ለረጅም ጊዜ ሊንገላቱ ይችላሉ።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ ፔፕታይድ የተባሉ፣ በመርፌ፣ በእንክብል ወይም በአፍንጫ በሚነፋ መልክ የሚቀርቡ ምርቶች «ማስት ሴልን ያረጋጋሉ» ተብለው በማኅበራዊ ሚዲያና በኢንተርኔት ሽያጭ ይተዋወቃሉ። ይህ መረጃ የተዘጋጀው ተገልጋዮች ስለነዚህ ምርቶች በቂ ግንዛቤ ኖሯቸው እንዲወስኑ ለማገዝ ሲሆን፣ ዋና ዋና መልእክቶቹ የሚከተሉት ናቸው።

• ለዚህ ሕመም ፈዋሽነቱና ደኅንነቱ በተሟላ የሰው ላይ ጥናት የተረጋገጠ የፔፕታይድ ሕክምና እስካሁን የለም።
• አንዳንድ ፔፕታይዶች ማስት ሴሎችን በማረጋጋት ፋንታ ራሳቸው የሚያነቃቁ ናቸው።
• ሕመሙን ለመቆጣጠር በሕክምና ልምድ የታወቁ መድኃኒቶች አሉ፤ ብዙዎቹም በእንክብል የሚወሰዱ ናቸው።

1. ማስት ሴሎች ምን ይሠራሉ?

ማስት ሴሎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ የገለጻቸው ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊሽ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1878 ነበር። ሕዋሳቱ ከአጥንት መቅኔ መንጭተው በቆዳ፣ በመተንፈሻ አካላት፣ በጨጓራና አንጀት ግድግዳ እንዲሁም በደም ሥሮች አካባቢ ይሰፍራሉ። ሰውነት ከውጭው ዓለም ጋር በሚገናኝባቸው ቦታዎች እንደ ዘብ ቆመው ተውሳክ፣ መርዝ ወይም ባዕድ ነገር ሲያጋጥም ሂስታሚን፣ ትሪፕቴዝ፣ ፕሮስታግላንዲንና ሉኮትራይን የተባሉ ኬሚካሎችን ይለቃሉ።

እነዚህ ኬሚካሎች በልክ ሲለቀቁ ሰውነትን ይጠብቃሉ። በአንድ ጊዜ በብዛት ሲለቀቁ ግን የደም ሥሮችን በማስፋት የደም ግፊትን ይቀንሳሉ፤ የመተንፈሻ ቧንቧን ያጠባሉ፤ አንጀትን ያውካሉ።

2. የሕመሙ ምልክቶች

ምልክቶቹ በድንገት የሚመጡና ተመልሰው የሚጠፉ ሲሆኑ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሰውነት ክፍሎችን ይነካሉ።

• ቆዳ፦ የፊትና የደረት መቅላት፣ ማሳከክ፣ እብጥብጥ ያለ ሽፍታ፣ የከንፈር ወይም የዐይን ሽፋን እብጠት
• መተንፈሻ፦ የአፍንጫ መታፈን፣ ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ፣ የትንፋሽ ማጠር
• ሆድ፦ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ
• ልብና የደም ዝውውር፦ የልብ ምት መፍጠን፣ ማዞር፣ የደም ግፊት መውረድ፣ ራስን መሳት

ሳያቋርጥ የሚቆይ ድካም፣ የሆድ መነፋት ወይም የራስ ምታት ብቻውን የዚህ ሕመም ማረጋገጫ አይሆንም። ስለዚህ ተገልጋዮች በኢንተርኔት በሚገኝ መጠይቅ ተመርኩዘው ራሳቸውን «ማስት ሴል አለብኝ» ብለው ከመደምደም ሊቆጠቡ ይገባል። ሌላ ሕክምና የሚያስፈልገው በሽታ በዚህ ስም ተሸፍኖ ሊቆይ ይችላልና።

3. ሕመሙ በምርመራ የሚረጋገጠው እንዴት ነው?

ባለሙያዎች በስምምነት ባጸደቁት መስፈርት መሠረት ሕመሙ የሚረጋገጠው ሦስት ሁኔታዎች ተሟልተው ሲገኙ ነው።

ሀ. ከላይ የተዘረዘሩት ዓይነት ምልክቶች እየተመላለሱ ቢያንስ ሁለት የሰውነት ክፍሎችን ሲነኩ፤
ለ. ምልክቱ በታየበት ወቅት ከማስት ሴሎች የሚለቀቅ ኬሚካል መጨመሩ በላቦራቶሪ ሲረጋገጥ፤
ሐ. ምልክቶቹ ማስት ሴልን በሚያረጋጉ ወይም የሚለቃቸውን ኬሚካሎች በሚገቱ መድኃኒቶች ሲሻሻሉ።

በላቦራቶሪ ረገድ ዋነኛው ምርመራ የትሪፕቴዝ የደም ምርመራ ነው። የመጀመሪያው ናሙና ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል፤ ሁለተኛው ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በኋላ የሚወሰድ መነሻ ናሙና ነው። በሕመሙ ወቅት የተገኘው መጠን ከመነሻው በ20 በመቶ ጨምሮ ከዚያ በላይ ተጨማሪ 2 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከደረሰ ጭማሪው ትርጉም አለው ይባላል። ለምሳሌ መነሻው 5 ናኖግራም የሆነ ታካሚ በሕመሙ ወቅት 8 ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘበት መስፈርቱን ያሟላል። የ8 ውጤት ብቻውን ሲታይ ጤናማ ሊመስል ስለሚችል ሁለቱን ናሙናዎች ማነጻጸር አስፈላጊ ነው።

ሐኪሙ ከዚህ በተጨማሪ ሕመሙ ከአለርጂ፣ ማስትሳይቶሲስ ከተባለ የማስት ሴሎች መብዛት ወይም በዘር ከሚተላለፍ የትሪፕቴዝ መጨመር የመነጨ መሆኑን ይመረምራል። ምንጩ ተፈልጎ ያልተገኘለትም አለ።

4. ሕመሙን የሚቀሰቅሱ ነገሮች

ቀስቃሹ ነገር ከሰው ሰው ይለያያል። በብዛት የሚታወቁት፦

• የንብ፣ የተርብና የመሳሰሉት ነፍሳት ንድፊያ (በንብ እርባታ ሥራ የተሰማሩ ታካሚዎች ለሐኪማቸው አስቀድመው ሊያሳውቁ ይገባል)፤
• እንደ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች፣ እንዲሁም ሞርፊንና ኮዴይን፤
• ለራጅና ለሲቲ ስካን ምርመራ የሚሰጡ ማቅለሚያዎች፣ በቀዶ ሕክምና ወቅት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች፤
• የአልኮል መጠጦች፤
• ድንገተኛ የሙቀት ወይም የቅዝቃዜ ለውጥ፣ የቆዳ መፈተግ፣ ከባድ የአካል እንቅስቃሴ፤
• ኢንፌክሽንና የአእምሮ ውጥረት።

ታካሚው የበላውን፣ የጠጣውን፣ የወሰደውን መድኃኒትና ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት በማስታወሻ ደብተር መመዝገቡ ቀስቃሹን ለመለየት እጅግ ይረዳል። ይሁን እንጂ ያለ ባለሙያ ምክር ብዙ የምግብ ዓይነቶችን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ፣ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች፣ ለምግብ እጥረት ያጋልጣል።

5. የታወቀው ሕክምና

ሕክምናው ደረጃ በደረጃ የሚጨመር ሲሆን፣ የሚከተሉትን ያካትታል።

• የሂስታሚን መግቻዎች፦ ሴትሪዚን፣ ሎራታዲንና ፌክሶፌናዲን ለቆዳና ለአፍንጫ ምልክቶች ቀዳሚ ናቸው። ፋሞቲዲን ደግሞ ለጨጓራና ለሆድ ምልክቶች ይታከላል።
• ክሮሞሊን ሶዲየም፦ በአፍ የሚወሰድና በተለይ የሆድ ምልክቶችን ለማስታገስ የሚረዳ የማስት ሴል ማረጋጊያ ነው።
• ሞንቴሉካስት፦ የሉኮትራይንን ተግባር ይገታል። የስሜት ለውጥ፣ ቅዠት ወይም የእንቅልፍ መዛባት ከታየ ወዲያውኑ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።
• ኦማሊዙማብ፦ በሌሎች መድኃኒቶች ላልተሻላቸው ታካሚዎች በልዩ ሐኪም ውሳኔ የሚሰጥ መርፌ ነው።
• አድሬናሊን፦ ለሕይወት አስጊ ለሆነው አናፊላክሲስ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው።

ለደም ግፊት ወይም ለልብ ሕመም አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎልና የመሳሰሉትን የሚወስዱ ታካሚዎች ይህን ለሐኪማቸው ሊያሳውቁ ይገባል። እነዚህ መድኃኒቶች የአድሬናሊንን ተግባር ሊያዳክሙ ይችላሉ። ሆኖም ያለ ሐኪም ትእዛዝ በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም።

6. ፔፕታይድ ምንድን ነው?

ፔፕታይድ ከአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት የተሠራ፣ ከፕሮቲን ያጠረ ውሕድ ነው። ስሙ በራሱ የሚያስፈራም የሚያስመካም አይደለም። ለስኳር ሕመም የሚሰጠው ኢንሱሊንና በወሊድ ጊዜ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ፔፕታይዶች ናቸው። ልዩነቱ እነዚህ መድኃኒቶች በሰዎች ላይ ተጠንተው፣ መጠናቸው ተወስኖና ጥራታቸው ተረጋግጦ የተመዘገቡ መሆናቸው ነው።

ለማስት ሴል ሕመም ተብለው ከሚተዋወቁት መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ።

• ቢ.ፒ.ሲ-157፦ 15 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን፣ ስለ እርሱ የሚጠቀሰው ማስረጃ በአብዛኛው በአይጦች ላይ ከተደረገ ጥናት የተገኘ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 የደኅንነት ሥጋት ካለባቸው የመድኃኒት ንጥረ ነገሮች ተርታ መድቦት ነበር። የዓለም የፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲም (ዋዳ) እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ስለከለከለው አትሌቶች ልዩ ጥንቃቄ ሊያደርጉ ይገባል።
• ኬ.ፒ.ቪ፦ ሦስት አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ነው። የአንጀት ብግነትን ስለመቀነሱ የሚጠቀሰው ማስረጃ ከላቦራቶሪና ከእንስሳት ጥናት የተገኘ ነው።
• ታይሞሲን አልፋ-1፦ በአንዳንድ አገሮች ለሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ተፈቅዷል፤ ለማስት ሴል ሕመም ግን አልተፈቀደም።
• ኤል.ኤል-37፦ ሰውነት ራሱ ተውሳክን ለመከላከል የሚያመነጨው ፔፕታይድ ነው። በላቦራቶሪ ጥናት ማስት ሴሎችን እንደሚያነቃቃ ታይቷል።

7. ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?

አንደኛ፣ ፔፕታይድ ራሱ ቀስቃሽ ሊሆን ይችላል። በማስት ሴሎች ገጽ ላይ የተወሰኑ ፔፕታይዶችን የሚቀበል፣ አለርጂ ሳይኖርም ሕዋሱ ኬሚካሎቹን እንዲለቅ የሚያደርግ ተቀባይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ኢካቲባንት የተባለው፣ ለሌላ ሕመም የተፈቀደ ፔፕታይድ በዚህ ተቀባይ አማካይነት ማስት ሴሎችን እንደሚያነቃቃ አሳይቷል። በንብ መርዝ ውስጥ የሚገኝ አንድ ፔፕታይድም ስያሜውን ያገኘው ማስት ሴሎችን በማፈንዳት ባሕርይው ነው። ስለዚህ ማስት ሴሉ በቀላሉ የሚነቃቃ ታካሚ ያልታወቀ ፔፕታይድ ሲወጋ ሊያስታግሰው የፈለገውን ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የምርቱ ይዘት አይታወቅም። ብዙዎቹ «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ ባለበት ብልቃጥ፣ በዱቄት መልክ ይሸጣሉ። ገዢው በቤቱ በጥብጦ ሲወጋ በትክክል ምን ያህል መጠን እንደወሰደ፣ ምርቱም ከባክቴሪያና ከባክቴሪያ መርዝ የጸዳ መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም።

ሦስተኛ፣ ሕመሙ እየመጣ የሚሄድ በመሆኑ መሻሻሉ ሊያሳስት ይችላል። ታካሚው ምርቱን የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ሕመሙ በበረታበት ወቅት ነው። ከዚያ በኋላ የሚታየው መሻሻል ያለ ምርቱም ሊመጣ የነበረ ሊሆን ይችላል። በዚህ ተታሎ የታዘዘለትን መድኃኒት ያቋረጠ ታካሚ ለከፋ ሕመም ይጋለጣል።

አራተኛ፣ በእርግዝናና በጡት ማጥባት ወቅት እንዲሁም በሕፃናት ላይ ያላቸው ደኅንነት አልተረጋገጠም።

8. ምርቱን አስቀድመው መጠቀም ከጀመሩ

• መጠቀምዎን ያቁሙ፤ በሐኪም የታዘዘልዎትን መድኃኒት ግን አያቋርጡ።
• ለሐኪምዎ ሳይደብቁ ይንገሩ። ዓላማው ትክክለኛ ሕክምና እንዲያገኙ እንጂ እርስዎን ለመውቀስ አይደለም።
• ብልቃጡንና ማሸጊያውን ሳይጥሉ ይዘው ይቅረቡ።
• መርፌና ሲሪንጅ ከሌላ ሰው ጋር በጋራ አይጠቀሙ።
• በተወጉበት ቦታ መቅላት፣ ሙቀት ወይም መግል፣ ወይም ትኩሳት ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

በውጭ አገር በሚኖሩ ዘመዶች በኩል የተላከ ምርትም ቢሆን ከዚህ ጥንቃቄ ውጭ አይደለም። በውጭ አገር መሸጡ በዚያ አገር በመድኃኒትነት መፈቀዱን አያሳይም።

9. በድንገተኛ አደጋ ጊዜ

የትንፋሽ መቸገር፣ የጉሮሮ ወይም የምላስ ማበጥ፣ ራስን መሳት፣ ወይም ከሽፍታ ጋር የተደራረበ ትውከትና ማዞር ከታየ አናፊላክሲስ ሊሆን ስለሚችል፦

• ታካሚውን በጀርባው አስተኝተው እግሩን ከፍ ያድርጉ፤ መተንፈስ ካስቸገረው ተቀምጦ ይቆይ፤ በድንገት አያስነሡት።
• አድሬናሊን በእጅ ካለና አጠቃቀሙን ከባለሙያ ከተማሩ ወዲያውኑ በጭኑ የውጭ ጎን ጡንቻ ላይ ይስጡ።
• የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በስልክ ቁጥር 907 ይጥሩ፤ ወይም በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ተቋም ፈጥነው ያድርሱ።
• እንደ ሴትሪዚን ያለ እንክብል አድሬናሊንን አይተካም፤ እንክብሉ እስኪሠራ በመጠበቅ ጊዜ አያባክኑ።
• ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ታካሚው በጤና ተቋም ክትትል ይደረግለት።

10. አገልግሎት፣ መረጃና ጥቆማ

ምልክቶቹ ያሉበት ተገልጋይ በቅድሚያ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል በመቅረብ መመርመር ይኖርበታል። እንደ አስፈላጊነቱም በሪፈር ወደ ልዩ ሐኪም ይላካል። ሲቀርቡ የምልክት ማስታወሻዎን፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ዝርዝርና ቀደምት የላቦራቶሪ ውጤቶችን ይዘው ይምጡ።

በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የመድኃኒቶችን ጥራት፣ ደኅንነትና ፈዋሽነት የመቆጣጠር ኃላፊነት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። አንድ ምርት የተመዘገበ መሆኑን ለመጠየቅ፣ ከመድኃኒት ጋር የተያያዘ ጉዳት ለማሳወቅ ወይም ሕገወጥ ሽያጭ ለመጠቆም በባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር 8482 መደወል ይቻላል።

ይህ መረጃ ለግንዛቤ የቀረበ ሲሆን የሐኪም ምርመራን አይተካም።