ከንጉሡ ወርቅ ጀርባ ያሉ እጆች

እንግሊዞች ከታሪካቸው አንዱን ክፍል ለብዙ ጊዜ «የጨለማው ዘመን» ሲሉት ኖረዋል። ሮማውያን በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደሴቲቱን ለቀው ከወጡ በኋላ ያለውን ጊዜ ማለታቸው ነው። አንግሎ ሳክሶኖች ከጦርነት በቀር ሙያ የማያውቁ ሕዝቦች ተደርገው ይታዩ ነበር። ይህን አመለካከት ከሁሉም በላይ የናደው አንድ መቃብር ነው።

ቦታው ሳተን ሁ ይባላል፤ የሚገኘውም በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሳፎክ ውስጥ ነው። የመሬቱ ባለቤት ወይዘሮ ኢዲት ፕሪቲ በግዛታቸው ያሉት የአፈር ጉብታዎች ምን እንደያዙ ለማወቅ ፈለጉና ባዚል ብራውን የተባለ ሰው ቀጠሩ። ብራውን የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠም። በ12 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ እርሻ ላይ የሠራ፣ ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነበር።

በግንቦት 1939 እ.ኤ.አ. የዛገ የብረት ሚስማር ተገኘ። ብራውን ቸኩሎ አልነቀለውም። እያንዳንዱን ሚስማር በቦታው እየተወ አፈሩን ብቻ ጠረገ። እንጨቱ ከበሰበሰ ቆይቷል፤ አሸዋው ላይ ግን ቅርጹ ቀርቶ ነበር። 27 ሜትር ርዝመት ያለው መርከብ!

ነገሩ ትልቅ መሆኑ ሲታወቅ የካምብሪጅ ምሁር መጡና ሥራውን ተረከቡ፤ ብራውን ረዳት ሆነ። የመጀመሪያውን ወርቅ ያገኘችው ደግሞ ፔጊ ፒጎት የተባለች ወጣት አርኪዮሎጂስት ናት።

ወርቁስ ምን ዓይነት ነበር? የቀበቶው ዘለበት ብቻ ከ400 ግራም በላይ ይመዝናል፤ እርስ በርስ የተጠላለፉ እባቦችና አውሬዎች ሞልተውበታል። በትከሻ ማያያዣዎቹ ላይ ጋርኔት የሚባለው ቀይ የከበረ ድንጋይ በስስ የወርቅ ግድግዳዎች መካከል ተሰክቷል። ከድንጋዩ ሥር ደግሞ ጥቃቅን መስመሮች የታተሙበት ስስ የወርቅ ቅጠል አለ። ብርሃን ሲያርፍበት ድንጋዩ ከውስጥ የሚነድ ይመስላል። ጨለማ ውስጥ የሚኖር ሕዝብ እንዲህ አይሠራም።

ከዓለም የተቆረጠ ሕዝብም አልነበረም። በቦርሳው ውስጥ የተገኙት 37 የወርቅ ሳንቲሞች ከዛሬዋ ፈረንሳይና አካባቢዋ የመጡ ናቸው። ትልቁ የብር ሳህን የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት አናስታሲዮስ ማኅተም አለበት። በዚያ ዘመን አካባቢ የተሠሩ የአውሮፓ ጌጦች ሲመረመሩ ብዙው ጋርኔት ከህንድና ከስሪላንካ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ያ ድንጋይ ወደ ሜዲትራኒያን የሚደርሰው በቀይ ባሕር በኩል ነበር፤ በዚያ መስመር ላይ ደግሞ የአክሱም መንግሥት ወደብ አዱሊስ ነበረች።

የተቀበረው ማን ነው? ብዙ ምሁራን በ620ዎቹ አጋማሽ አካባቢ የሞተው የምሥራቅ አንግሊያ ንጉሥ ሬድዋልድ ነው ይላሉ። አስከሬኑን ግን አሲዳማው አፈር በልቶታል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የባለቤትነት ነው። በወቅቱ የእንግሊዝ ሕግ መሠረት አንድ ሰው መልሼ አወጣዋለሁ ብሎ የደበቀው ወርቅ ባለቤቱ ካልታወቀ የዘውዱ ይሆናል። ለሙት የተሰጠ ከሆነ ግን የመሬቱ ባለቤት ይወስደዋል። በነሐሴ 1939 የተሰየመው ዳኝነት መርከብ ጎትቶ ጉብታ ላይ የሚቀብር ሕዝብ በአደባባይ ቀበረ እንጂ አልደበቀም ብሎ ለወይዘሮ ፕሪቲ ፈረደ። እሳቸውም ሁሉንም ለብሪቲሽ ሙዚየም በስጦታ ሰጡ። ወዲያው ጦርነቱ ተነሣና ቅርሱ ለንደን ውስጥ በምድር ባቡር ዋሻ ተደበቀ። ሰጪዋ በ1942 አረፉ፤ ወርቁ ለሕዝብ ሲታይ አላዩም።

የብራውን ስምም ለዓመታት ብዙ ሳይነሳ ቆይቶ፣ በ2021 የወጣው «ዘ ዲግ» ፊልም ለሰፊው ዓለም አስተዋወቀው። ታሪክ ስንጽፍ ቀድመን የምንጠይቀው የንጉሡን ስም ነው፤ ስለ ሬድዋልድም ብዙ ቀለም ፈስሷል። ነገር ግን የጨለማውን ዘመን ተረት ያፈረሰው የንጉሡ ሥልጣን ሳይሆን የአንጥረኛው እጅ ነው። የእሱን ስም የመዘገበ የለም።