ሥጋ ደዌ፣ ታሊዶማይድና የፕሮቲን አፈራረስ ታሪክ



በሕዋስ ውስጥ ስላለው የፕሮቲን አፈራረስ ለመናገር ወደ ምንጃር መምጣቴ አንዳንዶቻችሁን ግር ሳያሰኝ አይቀርም። ነገሩ ግን ሩቅ አይደለም። አገራችን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ፈውስ ፍለጋ በየጠበሉና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲሰበሰቡ የኖሩባት አገር ናት። ከዚህ ብዙም የማይርቀውን የሸንኮራ ዮሐንስን ጠበል የሚያውቅ ሰው፣ ለፈውስ የሚደረግ ጉዞ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዛሬ ላሳይ የምፈልገው የፕሮቲን አፈራረስ ሳይንስ ለእነዚህ ሕሙማን ያለበትን ዕዳ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሰውነታችን ፕሮቲኖች አንዴ ተሠርተው እስኪያረጁ የሚቀመጡ ይመስሉ ነበር። ሩዶልፍ ሾንሃይመር በ1930ዎቹ መጨረሻ ባደረጋቸው ምርምሮች ግን ያለማቋረጥ እየፈረሱ እንደገና እንደሚሠሩ አሳየ። የትኛው ፕሮቲን መቼ እንደሚፈርስ ማን ይወስናል? ለዚህ ጥያቄ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980 መልስ ያገኙት አቭራም ኸርሽኮ፣ አሮን ቺካኖቨርና ኧርዊን ሮዝ ናቸው፤ በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። መልሱን በከተሞቻችን በምናውቀው ነገር ልግለጸው። ለመልሶ ማልማት የሚፈርስ ቤት አስቀድሞ በቀይ ቀለም ምልክት ይደረግበታል። ሕዋስም ሊያፈርሰው በፈለገው ፕሮቲን ላይ ዩቢኩቲን የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ይለጥፍበታል፤ ምልክት የተደረገበትንም ፕሮቲያዞም የተባለው አፍራሽ ይቆራርጠዋል። የቱ ቤት ምልክት ይደረግበት የሚለውን የሚለዩት ደግሞ ሊጌዝ የሚባሉ ኤንዛይሞች ናቸው። ታሪካችን ከእነዚህ ምልክት አድራጊዎች በአንዱ ላይ ያርፋል።

በ1957 ታሊዶማይድ የተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት በምዕራብ ጀርመን ለገበያ ቀረበ። ነፍሰ ጡር እናቶችም ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። በ1961 መጨረሻ ከገበያ ሲወጣ፣ በልዩ ልዩ አገሮች ከአሥር ሺህ በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ እንደተወለዱ ይገመታል። መድኃኒቱ ለዘለዓለም የተቀበረ መሰለ።

ከመቃብር ያወጣው የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ነው። በ1964 በኢየሩሳሌም ሐኪሙ ያዕቆብ ሼስኪን፣ በሥቃይ ብዛት እንቅልፍ ላጣ ሕመምተኛ የቀረውን ታሊዶማይድ ለማስተኛ ብሎ ሰጠው። ሰውየው የተያዘው ሐኪሞች ሪአክሽን በሚሉት የደዌው ቁጣ ነበር። በዚህ ጊዜ የራስ መከላከያ ኃይል በተዋሲያኑ ቅሪት ላይ ተነሥቶ ቆዳን፣ ነርቭንና ዓይንን ያቆስላል። መድኃኒቱ ከማስተኛት አልፎ ቁጣውን አበረደ። በ1991 ተመራማሪዎች ታሊዶማይድ ቁጣን የሚያቀጣጥለውን ቲኤንኤፍ የተባለ ፕሮቲን እንደሚቀንስ አሳዩ፤ በ1998 አሜሪካ ለዚሁ ሕመም ፈቀደችው፤ በ1999 የአጥንት መቅኔ ካንሰር ለሆነው ማይሎማ እንደሚረዳ ተዘገበ።

ይሁንና መድኃኒቱ በሕዋስ ውስጥ የሚይዘው ምን እንደሆነ እስከ 2010 አልታወቀም። በዚያ ዓመት ታኩሚ ኢቶና ሂሮሺ ሃንዳ በጃፓን ሴሬብሎን የተባለውን ፕሮቲን አገኙ። ሴሬብሎን የአንድ ሊጌዝ አካል ነው፤ ከምልክት አድራጊዎቹ አንዱ ማለት ነው። በ2014 እንደታወቀው፣ የታሊዶማይድ ዘመድ የሆነው ሌናሊዶማይድ ይህን ምልክት አድራጊ ወደ ሌላ ቤት ይመራዋል፤ የማይሎማ ሕዋስ የሚኖርባቸው አይካሮስና አዮሎስ የተባሉ ፕሮቲኖች ምልክት ይደረግባቸውና ይፈርሳሉ። በ2018 ደግሞ በዚሁ መንገድ ታሊዶማይድ ለጽንስ እጅና እግር መፈጠር የሚያስፈልገውን ሳል4 የተባለ ፕሮቲን እንደሚያስፈርስ ታየ። ለአዋቂው ካንሰርን የሚያፈርስ እጅ፣ ለጽንሱ አካልን ያፈርሳል። ጥፋቱና ፈውሱ የአንድ ሥራ ሁለት ገጽ ናቸው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ በ1930ዎቹ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተሠራ፤ በ1965 አለርት የማሠልጠኛ ማእከል ሆኖ ተቋቋመ፤ በ1970 የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በአጠገቡ ተመሠረተ። የአለርት የቁጥጥር ሥራ የሸዋን ገጠር ያዳረሰ ነበር። በ1980ዎቹ የገባው የብዙ መድኃኒት ሕክምና ተዋሲያኑን ይገድላል፤ ቁጣውን ግን ብቻውን አይመልስም። በአለርት የሕክምና መዛግብት ላይ ተመሥርቶ በ2014 የታተመ ጥናት፣ በዚህ ቁጣ የሚያዙ ሕሙማን ካልተያዙት ይልቅ እንደሚሞቱና ሞቱም ከረጅም ጊዜ የስቴሮይድ ሕክምና ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ያኔ ታሊዶማይድ በኢትዮጵያ አይገኝም ነበር።

እዚህ ላይ ፍርዴ ግልጽ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ፕሮቲንን መርጠው የሚያስፈርሱ መድኃኒቶችን ለመሥራት የሚደረገው ሩጫ፣ መነሻው ከፊሉ አንድ እንቅልፍ ያጣ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ነው። ትርፉ ግን በቅድሚያ የደረሰው ለካንሰር ታማሚው ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ልትወስደው የምትችልበት አገር መድኃኒቱን በጥንቃቄ መያዝ እንዳለበት አልክድም፤ ሳል4 ይህን ያስተምረናል። ነገር ግን ጥንቃቄ ለመቆጣጠር ምክንያት ይሁን እንጂ ለመርሳት ምክንያት አይሁን።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ሥጋ ደዌ ያለፈ ታሪክ አይደለም፤ በአገራችን በየዓመቱ አዳዲስ ሕሙማን ይመዘገባሉ። ስሜት ያጣ ነጣ ያለ የቆዳ ምልክት ያያችሁበትን ሰው ሳትሸሹ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ሕክምናው ነፃ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ሰው ጣቱንና ዓይኑን ያተርፋል። ወደ ቤተ ሙከራ የምትገቡትም፣ የምታጠኑት ዕውቀት ከማን ሥቃይ እንደተገኘ አትርሱ። ዕዳውን መክፈል የሚጀመረው ከዚያ ነው።