ሰዋስውና ሙያ፦ የድረ ገጽ ጥበብ ከመጻሕፍት ሲቀሰም

ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ የምትገኘው ደብረ ኤልያስ በጎጃም ከታወቁት የቅኔ ጉባኤዎች አንዱ የነበረባት ቦታ ናት። የተውኔቱ ደራሲ ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለዱባት አገር ናት፤ ሐዲስ ዓለማየሁም ደብረ ወርቅንና ዲማን ጨምሮ ካዳረሷቸው ጉባኤያት መካከል ደብረ ኤልያስ ትገኛለች። በኮምፒዩተር ባለሙያዎች መጽሔት ላይ የቅኔ ቤት መነሣቱ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አንድን ሙያ ከመጽሐፍ ብቻ መቅሰም እስከ ምን ድረስ ይቻላል የሚለው ጥያቄ ዛሬ የድረ ገጽ ፕሮግራም የሚጽፈውን ወጣት ከሚያስጨንቀው ብዙ ዘመን አስቀድሞ በዚያ ቤት መልስ ያገኘ ጥያቄ ነው።

የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያ ግስ ያጠናል፤ ርባ ቅምሩንና አገባቡን ይለምዳል። ይህ ሁሉ ሰዋስው ነውና በጽሑፍም ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን ግስ ያወቀ ሁሉ ባለቅኔ አይባልም። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ እስኪደርስ ድረስ፣ ቀን ለብቻው ሆኖ ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ቤት የጎደለውን፣ አገባብ የተፋለሰውንና ምሥጢር የሳሳውን በባልንጀሮቹ ፊት ያርምለታል። አንድ ጊዜ የተነገረ ቅኔ ስለማይደገም የሌላውን ይዞ መቅረብ ተማሪውን የትም አያደርሰውም። መምህር የሚባለውም ካስመሰከረ በኋላ ነው።

የድረ ገጽ ጥበብ ወደ አገራችን የመጣው በተቃራኒው መንገድ ነው፤ መጽሐፉ ከመምህሩ ቀድሞ ደረሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ሐሳቡን በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ተቋም ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ ጃቫስክሪፕት የተፈጠረው በ1995 ነው። ኢትዮጵያ በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው በ1989 ዓ.ም. ነበር። እንግዲህ ጥበቡ ራሱ ገና ሕፃን ስለነበረ፣ በሥርዓት ተምሮት የሚያስተምር ሰው በአሜሪካም ቢፈለግ ብርቅ ነበር። ከዚህም የተነሣ የመምህሩን ወንበር የያዙት ወፋፍራም የቴክኒክ መጻሕፍት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውን የዴቪድ ፍላናጋንን የጃቫስክሪፕት መጽሐፍ ለአብነት መጥቀስ ይቻላል።

እነዚህ መጻሕፍት ሰዋስውን በሚገባ አስተምረዋል። ችግሩ ያለው በምሳሌዎቻቸው ላይ ነው። ደራሲው ምሳሌው እንዲያጥርለት ሲል ጥንቃቄውን ይተዋል፤ ተማሪው ግን ምሳሌውን እንደ ሙያው ሥርዓት አድርጎ ይቀበላል። ለምሳሌ ያህል እንግዳው በሳጥን ውስጥ የጻፈውን ስም ፕሮግራሙ እንዳለ ተቀብሎ ወደ ዳታቤዙ ከሚላከው ትእዛዝ ጋር እንዲቀጥል የሚያሳዩ ብዙ የጀማሪ መጻሕፍት ነበሩ። ገጹ ይሠራል፤ ተማሪውም ይደሰታል። ተንኮለኛ ሰው በስሙ ፈንታ የትእዛዝ ቁራጭ የጻፈ እንደ ሆነ ግን ዳታቤዙ የባለቤቱን ቃል ከእንግዳው ቃል መለየት ስለማይችል የተባለውን ሁሉ ይፈጽማል። ጄፍ ፎሪስታል ይህን አደጋ ፍራክ በተባለው መጽሔት የገለጠው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ትእዛዙ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የእንግዳው ቃል ለብቻው እንደ መረጃ ይተላለፋል። ነገር ግን ከቀድሞው መጽሐፍ የተማረውን ሰው ማን ይንገረው? መጽሐፍ የተማሪውን ሥራ አያይም።

ስለ ሙያው ጠባይ የሚናገሩ መጻሕፍትም አልጠፉም። የስቲቭ ማኮኔል «ኮድ ኮምፕሊት» በ1993፣ የማርቲን ፋውለር «ሪፋክተሪንግ» እና የሀንትና የቶማስ «ዘ ፕራግማቲክ ፕሮግራመር» ሁለቱም በ1999 ታትመዋል። ለነገሮች ትክክለኛ ስም ማውጣትን፣ የተጻፈውን መፈተንን፣ አንድን ነገር በሁለት ቦታ አለመድገምን ያስተምራሉ። ሲመረመሩ ግን ምክራቸው የሚጸናው ኮዱን የሚያነብ ሌላ ሰው ሲኖር ነው።

ጉባኤ አለመኖሩ ከሁሉ ይልቅ ዋጋ ያስከፈለው በራሳችን ፊደል ላይ ነው። ግእዝን ወደ ኮምፒዩተር ያስገቡት ሰዎች፣ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑትን ዶክተር አበራ ሞላን የመሰሉ፣ ከየሙያቸው ተነሥተው በራሳቸው ትጋት የደከሙ ናቸው። በዚያን ጊዜ አንድ ፎንት የሚይዘው መቀመጫ ቢበዛ 256 ስለነበረ፣ ፊደላችን ከነዲቃላውና ከነአኃዙ አልበቃው አለ። ስለዚህም እያንዳንዱ አዘጋጅ የላቲኑን መቀመጫ በራሱ ሥርዓት አከፋፈለ፤ አንዱ «ለ»ን ባስቀመጠበት ሌላው ሌላ ፊደል አኖረ። የሁሉም ሥራ በየቤቱ ትክክል ነበር። ሆኖም በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደል ጉራማይሌ ሆኖ ይታያል። ስታንዳርድ ባልነበረበት ጊዜ ይህን ማድረጋቸው አያስወቅሳቸውም፤ ያለ እነርሱ ድካም የሚስማሙበት ነገርም ባልኖረ ነበር።

በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በተራ የላቲን ፊደል የሚያስጽፍ «ሰራ» የተባለ ሥርዓት አቀረቡ፤ ስሙ የእንግሊዝኛ ቃላት ምሕጻር ቢሆንም በራሱ ሕግ ሲነበብ «ሰራ» መሆኑ ፈገግ ያሰኛል። ቀጥሎም ፍስሐ አጥላውን የመሰሉ ኢትዮጵያውያን የተሳተፉበት ረጅም ክርክር ተደርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ለግእዝ 345 መቀመጫዎችን ሰጠ። በ2005 ደግሞ ሰባት ቤት ጉራጌን ጨምሮ ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉት ታከሉ። ይህ ክርክር በእውነቱ የእርማት ጉባኤ ነበር፤ እያንዳንዱ ለብቻው የቆጠረውን አቅርቦ በሌሎች ፊት አስመረመረ። ከዚያ በፊት በየፎንቱ ተጽፈው ከነበሩት የአማርኛ ገጾች ብዙዎቹ ግን ፎንታቸው ሲጠፋ አብረው ጠፉ። የተረፉትንም ለማንበብ በየትኛው ፎንት እንደ ተጻፉ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው።

ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን በ2005 ከሠራ፣ በ2008ም ጊትሀብ ከተከፈተ ወዲህ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ሥራውን የሚያሳይበት ደጅ ተገኝቷል። ደብረ ማርቆስ የተቀመጠ ተማሪ ባሕር ማዶ ላለ፣ ዐይቶትም ለማያውቅ ሰው ያረመውን ኮድ ይልካል። ተቀባዩ እያንዳንዱን መስመር ያነባል፤ የሚቀበለው አለ፣ የሚመልሰውም አለ። የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ መሥራት ስላቃተው አይደለም። አብሮት የሚመጣው ቃል አጭር ነው፤ ይህ ስም ምን እንደሚሠራ አይገልጽም፤ ባዶ ሲገባበት ምን ይሆናል፤ ፈተናው የት አለ፤ አስተካክለህ እንደገና ላከው።