የጀርመን የክብር አውቶሞቢሎችና አገራችን

ስለ አውቶሞቢል ሲወራ አብዛኞቻችን ተማሪዎች የምናነሣው ፍጥነቱንና ውበቱን ብቻ ነው። እኔ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ፥ ፈረንጆች 1980ዎቹ በሚሉት ዘመን በጀርመን አገር ስለ ተሠሩት የክብር አውቶሞቢሎችና በዚያው ዘመን አገራችን ስለ ነበረችበት ሁኔታ ጥቂት ለመግለጽ እሞክራለሁ።

የጀርመን አውቶሞቢል ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ.ም.፥ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ካደረሰ ጥቂት ቆይቶ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ደግሞ ናኬ የተባለውን አመጣ። ናኬ በሳክሶኒ፥ በኮስቪግ ከተማ ይሠራ የነበረ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ፥ ብዙ የክብር አውቶሞቢሎች የነበሯቸው ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥት የወጡት በትንሽ ቮልስ ዋገን ነበር። ይህም የጀርመን ሥራ ነው፤ የስሙም ትርጓሜ የሕዝብ መኪና ማለት ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በመስከረም 1972 ዓ.ም.፥ ሕዝባችን ማርቸዲስ የሚለው መርሴዲስ ቤንዝ አዲሱን ኤስ ክላስ በፍራንክፉርት ትርኢት ላይ አቀረበ። ይህ ሞዴል በጠቅላላው ከ800,000 በላይ ተሠርቷል። በ1973 ዓ.ም. በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ነጂውን የሚያድን የአየር ከረጢት ተጨመረለት። ቢ ኤም ደብልዩም በ1979 ዓ.ም. ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ይዞ ብቅ አለ፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ልጓም የተበጀለት መኪና ነው።

በ1977 ዓ.ም. ግን በወገኖቻችን ላይ ታላቅ ረሀብ ወድቆ ነበር። እዚያ ለባለጸጋ ነጂ የአየር ከረጢት ሲታሰብለት፥ እዚህ ከሰማይ የሚወርድ የእህል ጆንያ ይጠበቅ ነበር። እህሉን ከጣሉት አውሮፕላኖች አንዳንዶቹም የምዕራብ ጀርመን አየር ኃይል ትራንሳሎች ነበሩ፤ ስለዚህ የዚያን አገር ሰዎች በመኪናቸው ብቻ መመዘን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በዚያ ዘመን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሰሜን ተነሥተው በሌላ ቦታ ሲሰፍሩ ብዙዎቹ ወደ ወለጋችን መጡ። ከእነዚህ መካከል ስለ ኤስ ክላስ የሰማ ይኖራል ብዬ አላስብም።

አሁን ወደ መኪናው ልመለስ። እንዲህ ያለውን መኪና መያዝ ከመግዛቱ ይልቅ ማኖሩ ያስቸግራል። ነቀምት ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተርም ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ይህ ለትልቅ ሞተር ብዙ አይከብደውም። የሚያስቸግረው ላስቲኩ ነው። ለምሳሌ ከኤስ ክላስ አነስ ያለው የናፍጣ መርሴዲስ፥ 240 ዲ፥ ሞተሩ የሚጠፋው በቱቦ ውስጥ በሚተላለፍ የአየር ስበት ነው። ቱቦው ሲያረጅና ሲሰነጠቅ ስበቱ ይላላል፤ ያን ጊዜ ነጂው ቁልፉን ነቅሎ ቢወርድም ሞተሩ መሥራቱን አይተውም። ያላወቀ ሰው መኪናው ግትር ሆነ ይላል፤ ምክንያቱ ግን አንዲት ቀጭን ቱቦ ናት።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ የዚያ ዘመን መርሴዲስ ያለው ሰው ሌላ ባስመጣ ቢል አይሆንለትም፤ ያለውን እያስጠገነ ይነዳል፤ መለዋወጫም ሲያጣ መካኒኩ ከቆመው መኪና እየፈታ ለሚሄደው ይገጥምለታል።