ማማውና አውሮፕላኑ፦ የግሪሳ ወፍና የቆላ ማሽላ ታሪክ

በቆላው ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ዓመቱን በዘርና በአጨዳ ብቻ አይከፍለውም። በአረምና በአጨዳ መካከል ወፍ መጠበቅ የሚባል ራሱን የቻለ የሥራ ወቅት አለ። ማሽላው ራስ አውጥቶ ፍሬው ወተት ከቋጠረበት ቀን አንሥቶ ጠንክሮ እስኪታጨድ ድረስ፣ በማሳው መካከል በተተከለው ማማ ላይ ሰው ይውላል። ወፉ ከማደሪያው ተነሥቶ የሚበላው በማለዳ ስለሆነ ጠባቂው ጎህ ሳይቀድ መድረስ አለበት። ቀትር ላይ መንጋው ጥላ ፈልጎ ያርፋል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደገና ይመጣል። መሣሪያው ወንጭፍ፣ ጅራፍ፣ ቆርቆሮና የሰው ጉሮሮ ነው። ይህን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ልጆችና ሴቶች በመሆናቸው፣ ስለ በሬው፣ ስለ ሞፈሩና ስለ ገባሩ ብዙ ሲጻፍ ስለ ማማው የተጻፈው ጥቂት ነው። የማማው ታሪክ ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ ለመመለስ ይረዳል፦ ገበሬውና ግሪሳ ወፍ ያላቸው ጠብ ባለፉት ሰባ ዓመታት ለምን መልኩን ለወጠ? እኔ እንደምረዳው ወፉ አልተለወጠም። የተለወጠው መሬቱና መሬቱን የሚጠብቀው ጉልበት ነው።

ከወፉ እንጀምር። ግሪሳ ክብደቱ ከ20 ግራም እምብዛም የማይበልጥ፣ ምንቃሩ ቀይ የሆነ ትንሽ ወፍ ነው፤ በዓለም ላይ ካሉ የዱር ወፎች ሁሉ በቁጥር የሚበልጠው እሱ እንደሆነ ይነገራል፤ በአፍሪካ ያለውም በመቶ ሚሊዮኖች፣ ከመራባት ወቅት በኋላ ደግሞ ከቢሊዮን በላይ ይገመታል። አንዱ ወፍ በቀን የሚበላውና የሚያረግፈው እህል እስከ 10 ግራም ይደርሳል። እፍኝ የማይሞላ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ሚሊዮን ወፍ ያለው አንድ መንጋ በአንድ ቀን 200 ኩንታል ያጠፋል ማለት ነው። ሆኖም የወፉ ዋና ቀለብ የሰው እህል አይደለም። በ1960ዎቹ (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) በምዕራብ አፍሪካ ወፉን ያጠናው ፒተር ዋርድ እንዳሳየው ግሪሳ የሚኖረው በዱር ሣር ዘር ነው። በበጋው መሬት ላይ የረገፈውን ዘር ይለቅማል፤ ዝናብ ሲጥል ዘሩ ይበቅልና ምግቡ በድንገት ያልቅበታል፤ ያኔ ዝናብ ቀድሞ ወደጣለበትና ሣሩ አዲስ ዘር ወዳፈራበት አገር ይሰደዳል። እንግዲህ ወፉ ማሽላ ላይ የሚያርፈው የሣሩ ዘር ሲጎድል፣ ወይም ማሽላው ከሣሩ ይልቅ ቅርብና ቀላል ሆኖ ሲገኝ ነው። ሣሩ የት እንደሚበቅል፣ ማሽላው መቼ እንደሚያፈራ፣ ወፉ የት እንደሚያድር የሚወስነው ደግሞ የመሬት አጠቃቀማችን ነው።

ነባሩ አስተራረስ ይህን በጥናት ሳይሆን በኑሮ ያውቀው ነበር። ማሽላ የተገኘው በዚሁ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ምድር ስለሆነ፣ እህሉና ወፉ አብረው ያረጁ ናቸው። የወሎ፣ የሐረርጌ ወይም የኮንሶ ገበሬ በአንድ ማሳ ላይ ብዙ ዓይነት ማሽላ ቀላቅሎ ይዘራል። አንዱ ራሱ የተበተነ፣ አንዱ የታጨቀ፣ አንዱ አንገቱን የደፋና ወፍ ቆሞ ለመልቀም የማይመቸው ነው። ቀይና ቡናማ ፍሬ ያላቸው ታኒን የሚበዛባቸው ዓይነቶች ገና እሸት ሳሉ ስለሚመርሩ ወፉ ሌላ ካገኘ ይተዋቸዋል፤ ሰውም ቢሆን ለእንጀራ ነጩን ይመርጥና እነዚህን ለጠላና ለአረቄ ያውላቸዋል። ከሁሉ በላይ የአንድ ቀበሌ ሰው ዝናቡን ጠብቆ በአንድ ሰሞን ይዘራ ነበር። ማሽላው በአንድ ሰሞን ሲያፈራ፣ ያውም የዱሩ ሣር ዘሩን በያዘበት ወራት፣ ወፉ በሰፊው አገር ላይ ይበተናል፤ የእያንዳንዱ ማሳ ጉዳትም ማማ ላይ ያለ ልጅ ሊቋቋመው የሚችል ይሆናል። በዚያ ዘመን ረሃብ አልነበረም፣ ወፍም ማሳ አላራቆተም እያልኩ አይደለም። መንጋ የወረደበት ማሳ ባዶውን የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ወፉ እንደ አረም፣ በየዓመቱ ጉልበት የሚጠይቅ የታወቀ ዕዳ ነበር። መንግሥት አውሮፕላን የሚያስነሣበት ጠላት አልነበረም።

በአዋሽ ሸለቆ የሆነው ነገር ለውጡን በግልጽ ያሳያል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ጀመረ፤ የቆቃ ግድብ በ1960 ተጠናቀቀ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1962 ተቋቋመ፤ በዚያው ሰሞን በተንዳሆ ሰፊ የጥጥ እርሻ ተከፈተ፤ የመተሐራ አገዳም ተከተለ። በወንዙ ዳር ጎርፍ እየተኛበት ሣር የሚያበቅለው ሜዳ ለአፋርና ለከረዩ ከብት የበጋ ግጦሽ ነበር፤ ለወፉም የዘር ጎተራ። ያ ሜዳ ታርሶ ጥጥና አገዳ ለበሰ። ጥጥ ለግሪሳ ምግብ አይሆንም፤ አገዳም ዘሩ አይበላለትም። አገዳ ግን ጥቅጥቅ ያለ፣ ከአዳኝ የሚሰውር፣ ውኃ አጠገብ ያለ ማደሪያ ነው። በመስኖው ቦይና በፍሳሹ ኩሬ ዳር የሚበቅለው ፊላም እንደዚያው። ስለዚህ በአንድ ትውልድ ውስጥ የወፉ የተፈጥሮ ምግብ ሲጠብ መኝታው ተመቻቸለት፤ ከዚያ መኝታ ማለዳ ሲነሣ ቀድሞ የሚያገኘው የጎረቤቱን ገበሬ ማሽላ ሆነ። የአርብቶ አደሩን ኪሣራ የታሪክ ጸሐፊዎች በሚገባ መዝግበውታል። የማሽላ ገበሬው የከፈለው ግን የልማቱ ሂሳብ ላይ ሰፍሮ አላየሁም።

ሁለተኛው ለውጥ በዘሩ ላይ መጣ። በሚያዝያ ተዘርቶ በኅዳር የሚደርሰው ደጋሊት የተባለው የራያ ቆቦ ነባር ማሽላና መሰሎቹ የበልጉ ዝናብ ሲከዳቸው ደከሙ። የምርምር ማዕከላት በሰኔ መጨረሻ ተዘርተው ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎችን አወጡ፤ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙት ጎቢዬና አብሽር ከእነዚህ መካከል ናቸው። የሥራውን ታላቅነት ማንም አይክድም፤ በአቀንጭራ ምርምሩ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተቀብሎበታል። ይሁንና ቶሎ የሚደርስ ማሽላ የዘራ ገበሬ፣ ጎረቤቶቹ ነባሩን ከዘሩ፣ በአካባቢው ብቸኛው እሸት የእሱ ይሆናል፤ ለብዙ ማሳ የሚበተነው መንጋ በአንዱ ላይ ይወርዳል። ነጭና ታኒን የሌለው ፍሬ ለእንጀራ እንደሚጥም ሁሉ ለወፉም ይጥማል። ገበሬው አዲሱን ዘር ሲተወው ባለሙያው ግትርነት አድርጎ የሚያይበት ጊዜ አለ፤ እኔ ግን ትክክለኛ ስሌት አድርጌ አየዋለሁ። በድርቅ ጊዜ ቶሎ የሚደርስ ዘር ካልተዘራ ምን ይበላል የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ መዝራቱ አይቀርም። ልዩነቱ አንድ ሰው ብቻውን በመዝራቱና ቀበሌው ተመካክሮ አብሮ በመዝራቱ መካከል ነው።

ወፉ ከማማው አቅም በላይ ሲሆን መንግሥታት ወደ መርዝ ዞሩ። በ1950ዎቹ በሴኔጋል ወንዝ ሸለቆና በደቡብ አፍሪካ ማደሪያዎች በፈንጂ፣ በእሳትና በመርዝ ተመቱ፤ ዓላማውም ወፉን ጨርሶ ማጥፋት ነበር። በ1962 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትም ከአንበጣው ጎን ለጎን ግሪሳን በተልዕኮው ውስጥ አካተተ፤ አውሮፕላኖቹ በስምጥ ሸለቆ ማደሪያዎች ላይ ፌንቲዮን የተባለውን መርዝ ይረጫሉ። በአህጉሩ የተገደለው ወፍ በመቶ ሚሊዮኖች ቢቆጠርም የግሪሳ ብዛት አልቀነሰም። ምክንያቱ አይሰወርም፦ ወፉ ሦስት ያህል እንቁላል ጥሎ በ10 ወይም በ12 ቀን ይፈለፍላል፣ ጫጩቱ በሁለት ሳምንት ገደማ ከጎጆ ይወጣል፣ ዝናቡን እየተከተለም በአንድ ዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይራባል። ባይረጭበትም በበጋው ረሃብ እጅግ ብዙው ይሞታል፤ የተረፈው ነው የሚራባው። የእንቁላሉንም የሞቱንም ልክ የሚያበጀው የሣር ዘር ነው። ባለሙያዎችም ከጊዜ በኋላ ወፉን የማጥፋትን ሐሳብ ትተው ለአደጋ በተጋለጠ ማሳ አጠገብ ያለውን ማደሪያ ብቻ ወደ መምታት ተመለሱ።

ታዲያ ርጭቱ ይቅር? መንጋ ማሽላው ላይ ከወረደ በኋላ ስለ ሣር ዘር የሚነገረው ገበሬ አይጠቀምም፤ በትክክለኛው ምሽት በትክክለኛው ማደሪያ ላይ የተደረገ ርጭት የአንድ ወረዳን አዝመራ ሊያድን ይችላል። ይህን እቀበላለሁ። የማልቀበለው ርጭቱ መፍትሔ ተብሎ መጠራቱን ነው። ፌንቲዮን ከግሪሳው ጋር የሚያድሩትን ሌሎች ወፎች ይገድላል፤ የታመመውን ወፍ የሚያነሡ ጭልፊትና ጉጉትም፣ ማለትም አይጥንና ራሱን ግሪሳን የሚያድኑልን ወፎች፣ ይመረዛሉ። በቻድ ሐይቅ አካባቢ ሰዎች ግሪሳን በመረብ አጥምደው ስለሚበሉትና ስለሚሸጡት አደጋው ወደ ሰው ገበታም ይደርሳል። ለአውሮፕላን ርጭት የሚዘጋጀው የዚህ መርዝ ዓይነት በቻድ ጥያቄ መነሻ ለዓመታት ሲከራከሩበት ቆይቶ በ2025 በሮተርዳም ስምምነት፣ አስቀድሞ ፈቃድ በሚጠየቅባቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

እርሻ ሲስፋፋ ወፍ ይጠፋል የሚለው አባባል ለግሪሳ እንዳልሠራ አይተናል፤ በነገሌ ቦረና አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ ግን በትክክል ሠርቷል። በ1975 ለሳይንስ የተገለጸችው የሊበን ላርክ የተባለች ትንሽ የሣር ወፍ ከእንዲህ ያለ ሜዳ ሣር ውጭ መኖር አትችልም። ሜዳው በከፊል ሲታረስ፣ ቀሪው በግጦሽ ሲራቆትና ቁጥቋጦ ሲወርሰው፣ ከአፍሪካ ወፎች ሁሉ ለመጥፋት እጅግ ከቀረቡት አንዷ ሆነች። ተስፋ የተገኘውም ከመርዝ ወይም ከአጥር ሽቦ ሳይሆን፣ ቦረናዎች ካሎ ብለው ሣር ለጥጃ ከሚከልሉበት ልማድ ነው። ያው የመሬት ለውጥ አንዷን ወፍ ለመጥፋት ያደርሳታል፣ ሌላውን በገበሬው ማሳ ላይ ያከማቸዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ስለ ማማው ራሱ የሚነሣው ነው። የድሮውን ጥበቃ ማወደስ ልጆችን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ማማ ላይ መስቀል አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ ማንም ያንን መመኘት የለበትም። መስከረም የትምህርት መክፈቻ ነው፤ ቶሎ የሚደርሰው ማሽላ ፍሬ የሚቋጥረውም በዚያው ሰሞን ነው። ልጁ ትምህርት ቤት በመግባቱ ደስ ሊለን ይገባል፤ ነገር ግን ጉልበቱ ከማሳው ሲወጣ በምንም አልተተካም። ይህን ጉልበት የምርምር ጣቢያዎች በሚገባ ያውቁታል፤ የሙከራ ማሽላቸውን የሚያስጠብቁት በደመወዝ በተቀጠሩ ወፍ ጠባቂዎች ነው። ስለዚህ አንድ ዝርያ በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ይሰጣል ተብሎ ሲለቀቅ፣ ቁጥሩ ተጠብቆ የተገኘ ቁጥር ነው፤ የጠባቂው ደመወዝ ግን ለገበሬው በሚሰጠው ምክር ውስጥ የለም። ዝርያው ጥበቃ በሌለበት ማሳም ተሞክሮ ውጤቱ ከሌላው ጎን ቢጻፍ፣ የመዝሪያው ሰሞን ለቀበሌው በአንድነት ቢወሰን፣ መስኖ የሚዘረጋ ፕሮጀክትም በቦዩ ዳር ለሚበቅለው ፊላና ለጎረቤቱ ማሽላ ጥበቃ በጀት ቢይዝ፣ አውሮፕላኑ የሚጠራበት ቀን ይቀንሳል።